ትልቁ ቶርኖ እስኪመጣ

ስለ እንጨት ቶርኖ ሲነሣ ብዙ ሰዎች የሚጋሩት አንድ አስተያየት አለ። ይኸውም ሙያው የሚጀመረው ትልቅ መኪና፣ ሰፊ ክፍልና ብዙ ገንዘብ ሲገኝ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚደረገው ሙከራ ሁሉ የልጆች ጨዋታ ነው የሚል ነው። በዚህ አስተያየት ሳቢያ ስንት እጅ ሥራ ፈትቶ እንደሚቀመጥ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ትልቁን መኪና እየጠበቀ የሚቀመጥ ትምህርት ቤት በየዓመቱ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ቶርኖ ሳያሳይ ይሸኛል። በእኔ በኩል ለጀማሪ ትንሽ ቶርኖና በሚገባ የተሳለ መሮ ይበቃዋል እላለሁ።

በሌላው የእንጨት ሥራ እንጨቱ ጸንቶ ይቀመጣል፤ መጋዙ ይሄዳል ይመለሳል፤ መላጊያው ይገፋል። የጅማው በርጩማና የዋንዛው ገበቴ የተገኙት በዚህ ዓይነት፣ ማለትም ግንዱን በመጥረብና በመፈልፈል ነው። በቶርኖ ላይ ግን እንጨቱ ራሱ እንደ እንዝርት ይሾራል። ሠራተኛው መሮውን በመደገፊያው ብረት ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ ሲያስጠጋው እንጨቱ እየተላጠ ክብ ይሆናል። የወንበር እግር፣ የሊጥ መዳመጫና የመሣሪያ እጀታ በዚህ መንገድ በጥቂት ጊዜ ይወጣሉ።

ይህ ጥበብ ከሞተር በፊት የነበረ ነው። በግብጽ አገር በፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የተቀረጸ ሥዕል አለ፤ አንዱ ሰው ጠፍር እየጎተተ ሲያሾር ሌላው መሣሪያውን ይዞ ሲቀርጽ ይታያል። በሞሮኮ፣ በማራኬሽ ገበያ፣ መሬት ላይ የተቀመጡ ባለሙያዎች በአንድ እጃቸው ደጋን እየገፉና እየሳቡ እንጨቱን ያሾራሉ፤ መሮውን የሚመሩት በሌላው እጅና በእግራቸው ነው። በእንግሊዝ አገር በሃይ ዊኮም አካባቢ በሚገኙት ደኖች ውስጥ ደግሞ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ለከተማው ፋብሪካዎች የወንበር እግር እያወጡ የሚኖሩ ሠራተኞች ነበሩ። መኪናቸው እንደ ደጋን የሚለመጥ ረጅም ዘንግ፣ አንድ ገመድና የእግር መርገጫ ብቻ ነበረች። መርገጫው ሲረገጥ እንጨቱ ወደ ሠራተኛው ይሾራል፤ ሲለቀቅ ዘንጉ ቀና ብሎ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። መብራት በማይደርስበት ወይም በሚቆራረጥበት ስፍራ ይህን የመሰለውን ቶርኖ አንድ ደኅና አናጺ ከጣውላና ከገመድ ሊያበጀው ይችላል።

መብራት ባለበት ስፍራ ለጀማሪ የሚስማማው በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ቶርኖ ነው። ብዙውን ጊዜ ወርዱ እስከ 25፣ ርዝመቱ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ እንጨት ይይዛል፤ የግማሽ የፈረስ ጉልበት ሞተርም ይበቃዋል። «ይህ መኪና ይንቀጠቀጣል» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ከከባድ ጠረጴዛ ጋር በብሎን ቢታሰርና ከጠረጴዛው ሥር የአሸዋ ከረጢት ቢደረግበት ግን አብዛኛው መንቀጥቀጥ ይጠፋል። «ትልቅ ሳህን አይወጣበትም» የሚሉትም አልተሳሳቱም። ነገር ግን ጀማሪ በትልቅ ሳህን ሊጀምር አይገባውም። ምክንያቱን ሒሳቡ ያሳየናል። 5 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው እንጨት በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢሾር ጠርዙ በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። 25 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ግን በዚያው ዙር ጠርዙ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል። በዚህ ፍጥነት የሚፈናጠር ስንጥቅ እንጨት ፊትን ያበላሻል። እንግዲህ እንጨቱ በተለቀ ቁጥር ዙሩ መቀነስ አለበት፤ መኪናው ከመነሣቱ በፊትም እንጨቱን በእጅ አዙሮ ከመደገፊያው ጋር እንደማይጋጭ ማየት ይገባል። ነጠላ፣ ሻሽ፣ ሰፊ እጅጌና የተለቀቀ ጠጕር ከሚሾር ነገር አጠገብ አይቀርቡም። ጓንትም እንዲሁ፤ እጅን ይጠብቃል ተብሎ ቢጠለቅ መኪናው ጓንቱን ይዞ እጅን ይጎትታል።

ለትልቅ መኪና የታሰበው ገንዘብ ለስለት ቢውል እመርጣለሁ። የዶለዶመ መሮ እንጨቱን ይፍቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ የሚወጣው ሰጋቱራ ነው፤ ጀማሪውም ጉልበቱን ይጨምራል፤ ጉልበት ሲጨምር መሮው በድንገት ይሰነቀርና ሥራው ይበላሻል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው መኪናው ነው። የተሳለ መሮ ሲሆን ግን ረጅም ፍቅፋቂ ይወርዳል፤ ድምፁም ይለሰልሳል። አያያዙ ቀላል ነው፤ አስቀድሞ መሮው መደገፊያውን ይነካል፤ ቀጥሎ ከስለቱ በስተኋላ ያለው ተረከዝ እንጨቱን ይተሻሻል፤ ከዚያ እጀታው ስለቱ መንከስ እስኪጀምር ድረስ በጥቂቱ ከፍ ይደረጋል። ይህን ለመልመድ ሳምንታት ያስፈልጋሉ። በየጥቂት ደቂቃው መኪናውን አቁሞ መሳልም የሥራው ክፍል ነው፤ የሚሰለቸው ተማሪ ብዙ ነው።

መሮውን ለማግኘት የግድ ከውጭ አገር ማስመጣት አያሻም። ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው። ብረት ቀጥቃጩ አግሎ ይቀጠቅጠዋል፤ በዘይት አቀዝቅዞ ያጠነክረዋል፤ እንደ ሸክላ እንዳይሰበርም እንደገና በለዘብተኛ እሳት ያሞቀዋል። አሮጌ ሞረድ ስሎ መሮ ማድረግ ግን አደገኛ ነው፤ ሞረድ ደረቅ ብረት ስለሆነ እንጨቱ ሲመታው ይሰበራል። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ቀጥቃጩን ለዘመናት በንቀት ስናይ ኖረናል፤ ዛሬም ልጁ የእጅ ሙያ መረጠ ብሎ የሚያፍር ወላጅ አይጠፋም። ያለ ቀጥቃጩ ግን ማረሻም መሮም የለም።

እንጨትም ቢሆን ችግር አይደለም። ለመለማመጃ ብሎ ዋንዛ ወይም ዝግባ መቁረጥ ነውር ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ በየደጁ አለ። እርጥቡ እንጨት ከደረቁ ይልቅ ለመሮ ይመቻል፤ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ግንዱን ለሁለት ፈልጦ፣ መካከለኛውን ልብ አውጥቶ፣ ከግማሹ መሥራት ይሻላል። ከአናጺ ቤት የሚጣል ቍርጥራጭም ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ሥራ የመሮው የራሱ እጀታ ቢሆን መልካም ነው። ቅርጹ ቢጣመም እንኳ ያገለግላል፤ መዳፍም የት ላይ እንደ ወፈረና የት ላይ እንደ ቀጠነ በየቀኑ ይነግረዋል። ሁለተኛው እጀታ ከፊተኛው የተሻለ ሲሆን ወደ ዘነዘናና ወደ ወንበር እግር መሻገር ይቻላል። አራት የወንበር እግሮችን አንድ ዓይነት አድርጎ ማውጣት ግን ሌላ ፈተና ነው፤ ያንንም የምትፈትነው ይህችው ትንሽ ቶርኖ ናት።