የቴሌቪዥኗ መኪና እና የእኛ ዕጣ

ባለፈው እትም አንድ ወዳጃችን «መኪና የሚያሸልም ጨዋታ ምን ነውር አለው?» ብሎ ጽፎ ነበር። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብነው፤ መጀመሪያ እየሳቅን፣ ሁለተኛ ግን ሳቁ ጠፍቶብን። ያለው እንግዲህ ይኸን ነው፦ በግቢያችን ለተቸገሩ ተማሪዎች መርጃ ገንዘብ እንዲገኝ ቶምቦላ ይዘጋጅ፤ የአንዱ ቲኬት ዋጋ 20 ብር ይሁን፤ አንደኛው ዕጣ መኪና ይሁን፤ ዕጣው የሚወጣበትም ቀን እንደ ቴሌቪዥኑ መድረክ ተሠርቶ፣ መብራት በርቶ፣ ሙዚቃ ተለቆ ይሁን። «ዓለም በዚህ መንገድ ሄዶ ሠልጥኗል፤ እኛ ብቻ ምን ሆነን ነው ደብተር ይዘን መዋጮ የምንለምነው?» ይላል።

እሺ፤ ዓለም በዚህ መንገድ ሄዷል እንበል። ታዲያ መንገዱን እስቲ ከመነሻው እንከተለው። ወዳጃችን ያየው መድረሻውን ብቻ ነው፤ ያውም ማራኪ በር ላይ ባለ ሻይ ቤት፣ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተዘግቶ።

ነገሩ የሚጀምረው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የዚያ አገር ቴሌቪዥን ትልቁ ጨዋታ የዕውቀት ጥያቄና መልስ ነበር። ተወዳዳሪው ድምፅ የማያስገባ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ይጠየቃል፤ አገር ትንፋሹን ውጦ ያያል። በኋላ ጉዱ ወጣ። «ሃያ አንድ» በሚባለው ዝግጅት የሕዝብ ጀግና ሆኖ የነበረው የዩኒቨርሲቲ መምህር ቻርልስ ቫን ዶረን መልሱ አስቀድሞ ይነገረው እንደነበር በ1959 በምክር ቤት ፊት ቀርቦ አመነ። በ1960 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር የሚከለክል ሕግ ወጣ። ልብ በሉ ጓዶች! ያጭበረበሩት አዘጋጆቹ ናቸው፤ ከመድረክ የተባረረው ግን ዕውቀት ነው። የቴሌቪዥን ሰዎች ከዚህ የተማሩት ትምህርት «እንግዲህ ሐቀኛ እንሁን» የሚል አልነበረም። «እንግዲህ ሰው ምን ያውቃል ብለን አንጠይቅ፤ ዋጋ ያውቃል ወይ ብለን እንጠይቅ» የሚል ነበር።

«ዋጋው ልክ ነው» የሚባለው ጨዋታ በ1956 እንደ ሐራጅ ሆኖ ጀምሮ ነበር፤ ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የያዘው ግን በመስከረም 1972 ቦብ ባርከር የሚባለው አቅራቢ ሲረከበው ነው። በዚያን ቀን መጀመሪያ የተደረገው ጨዋታ ሽልማቱ መኪና ነበር። አሠራሩን እንንገራችሁ፤ የሒሳብ ተማሪዎች ትወዱታላችሁና። ሰሌዳ ላይ ሦስት መደብ አለ፦ የመኪናዋ ዋጋ አራት አሃዝ፣ የአንድ አነስተኛ ዕቃ ዋጋ ሦስት አሃዝ፣ ሦስተኛው ደግሞ በአሳማ ቅርጽ በተሠራች የሳንቲም ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለ ጥቂት ገንዘብ፣ እርሱም ሦስት አሃዝ። አራትና ሦስት ሰባት፣ ሰባትና ሦስት አሥር። ከ0 እስከ 9 ያሉት አሃዞች አንድም ሳይደገሙ፣ አንድም ሳይቀሩ ሰሌዳውን ይሞላሉ። ተጫዋቹ አሃዝ እየጠራ ቀድሞ የሞላለትን ይወስዳል። ዕድሉ ከጠመመና ማጠራቀሚያዋ ቀድማ ከሞላች፣ ከ9 ዶላር ከ87 ሳንቲም የሚበልጥ ነገር ይዞ ሊወጣ አይችልም። በሚቀጥለው ዓመት የመጣው ሌላው ጨዋታ ደግሞ ለተጫዋቹ ሰባት የአንድ ዶላር ኖቶች ይሰጠዋል፤ የመኪናዋን ዋጋ አሃዝ በአሃዝ ሲገምት በሳተ ቁጥር በሳተው ልክ ይቀማል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ዶላር ከተረፈችው በእርሷ መኪናዋን ይገዛል።

ቆንጆ ጨዋታ ነው፤ አንክድም። ግን ከዚያ ወዲያ ምን ሆነ? የመኪና ዋጋ ከአሥር ሺህ ዶላር ዘለለ። አራቱ አሃዝ አምስት ሆነ። ያ ሁሉ የተዋበ ሒሳብ ፈረሰ። አሥሩ አሃዞች ለአሥራ አንድ ቦታ አልበቃም አሉ። አዘጋጆቹ ምን አደረጉ? የመጀመሪያውን አሃዝ በነፃ ጽፈው ሰጡ! የአሜሪካን የኑሮ ውድነት ታሪክ በመጽሐፍ መፈለግ አያስፈልግም፤ ያቺ በነፃ የተሰጠች አንዲት አሃዝ ትበቃለች። ጨዋታው የሚለወጠው ተጫዋቹ ስለጎበዘ አይደለም፤ መኪናዋ እየራቀችው ስለሄደች ነው።

ሌላም አለ። በ1963 የጀመረው የሞንቲ ሆል ጨዋታ ዋጋ እንኳ አይጠይቅም። ሦስት በሮች አሉ፤ ካንዱ ኋላ መኪና፣ ከሌሎቹ ኋላ ማላገጫ። ይኸን ጨዋታ በ1975 ስቲቭ ሴልቪን የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ እንቆቅልሽ አደረገው፦ አንዱን በር መረጥህ፤ አቅራቢው የት ምን እንዳለ ያውቃልና ካልመረጥካቸው አንዱን ባዶ በር ከፈተልህ፤ ምርጫህን ትቀይራለህ ወይስ ትጸናለህ? በ1990 ማሪሊን ቮስ ሳቫንት የተባለች አምደኛ «መቀየር ይሻላል» ብላ ስትጽፍ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ደብዳቤ ጎረፈላት፤ ዶክተሮች ሳይቀሩ «ተሳስተሻል» አሏት። የተሳሳቱት እነርሱ ነበሩ። የጸና ከሦስት አንድ፣ የቀየረ ከሦስት ሁለት ዕድል አለው። (በእንቆቅልሹ የተለመደ አነጋገር ከባዶዎቹ በሮች ኋላ የቆመችው ፍየል ናት። ለጃናሞራ ገበሬ ፍየል ከመቼ ወዲህ ነው የተሸናፊ ዕጣ የሆነችው? መኪናዋንስ በየትኛው መንገድ ወደ ቤቱ ሊወስዳት ነው?)

እኛ ከእንቆቅልሹ የያዝነው ሌላ ነገር ነው፤ መፍትሔው ሁሉ የተንጠለጠለው አቅራቢው በማወቁ ላይ ነው። እንግዲህ አስቡት። መጀመሪያ ዐዋቂው ተጫዋቹ ነበር፤ ቢያንስ ነው ይባል ነበር። ቀጥሎ ተጫዋቹ የሚያውቀው የሱቅ ዋጋ ብቻ ሆነ። በሦስቱ በሮች ፊት ግን የሚያውቀው አቅራቢው ብቻ ነው፤ ተጫዋቹ የሚጠበቅበት መጮህና መዝለል ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ከዚህም ወረደ። «ዋጋው ልክ ነው» የሚባለው ጨዋታ እዚህ አይሠራም፤ ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነው። ልክ ዋጋ የት አለና! ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የገዛች እናት ዋጋ ስንት ነው ብትሏት «ስንት ትላለህ አንተ?» ትላችኋለች። መኪናማ ጭራሽ። አሜሪካ ያለው መኪና ባረጀ ቁጥር ይረክሳል፤ የእኛዋ ቪትዝ ባረጀች ቁጥር ትወደዳለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከሉ። በዚህ አገር የመኪና ዋጋ የሚገምት ሰው ከተገኘ መሸለም ያለበት መኪና ሳይሆን የኢኮኖሚክስ ማዕረግ ነው።

ስለዚህ እኛ ዘንድ የደረሰው ጨዋታው ሳይሆን ጨዋታው ተገፎ የቀረው ዕጣ ነው። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ቴሌቪዥን በ1957 መጣ፤ ሁለቱ ተጋብተው የወለዱትን ሁላችንም እናውቃለን። ቶምቦላው፣ የቢራ ቆርኪ ሥር የተደበቀችው መኪና፣ ቀጥሎም የስልኩ አጭር መልእክት። አንዳንዱ ለይስሙላ ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሱን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እየሳቀ የሚነግራችሁን። ጥያቄው ሰው እንዲያስብ ሳይሆን እንዲልክ ነው። ለታላቅ ዓላማም ተሞክሯል፤ ለህዳሴው ግድብ ተብሎ ወደ 8100 ሲላክ እኛም ልከናል። ግን ለግድቡ ብለን ነበር የላክነው ወይስ ለዕጣው? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከመካከላችን ሁለቱ ለዕጣው ነበር።

በሰዎቹ ላይ ጥል የለንም። ፒያሳ በፀሐይ ቆሞ ቲኬት የሚሸጠው ልጅ ወንድማችን ነው። ቤተሰብ መድረክ ወጥቶ የሚሯሯጥበትን የቤተሰብ ጨዋታን እኛም እሑድ እሑድ እያየን ስቀናል፤ እዚያ ቢያንስ ሰው ራሱ ይጫወታል። ጥላችን ካንድ ነገር ጋር ነው። የአሜሪካው ተጫዋች ከመድረክ ባዶ እጁን ሲወርድ ከኪሱ የወጣ ነገር የለም፤ መኪናዋ የምትቀርበው ለፋብሪካው ማስታወቂያ ነው። በእኛ ዘንድ መኪናዋን የሚገዛት የተሸናፊው 20 ብር ነው። ጭብጨባውም የእርሱ፣ ክፍያውም የእርሱ።

አሁን ወደ ወዳጃችን ሒሳብ። መኪናዋ 2 ሚሊዮን ብር ናት እንበል፤ ደላላ ቢሰማ ይስቅብናል፣ ግን እንበል። በ20 ብር ሒሳብ ይህን ለመሙላት 100,000 ቲኬት መሸጥ አለበት። አንድ መቶ ሺህ! የግቢያችን ተማሪ፣ መምህር፣ ዘበኛና የወጥ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ተደምሮ፣ አዘዞ ድረስ ተኪዶ፣ ደባርቅና ዳባት ያለ ዘመድ ሁሉ ተለምኖ መቶ ሺህ ቲኬት ቢሸጥ፣ ለተቸገረው ተማሪ ስንት ይደርሰዋል? ምንም። የመጀመሪያዋ ብር ለእርሱ የምትደርሰው በመቶ ሺህ አንደኛው ቲኬት ነው። ፈቃዱን፣ ኅትመቱን፣ መድረኩን፣ መብራቱን፣ ያንን ሙዚቃ ገና አልቆጠርነውም። ወዳጃችን ሆይ፣ ይህን ሳትደምር ነው ዓለም ሠልጥኗል ያልከን?

«ስፖንሰር ይገኛል፤ መኪናዋን አንድ ድርጅት ይሰጠናል» ይለን ይሆናል። ከተገኘማ ድርጅቱ የመኪናዋን ዋጋ ለምን በቀጥታ ለተማሪዎቹ አይሰጥም? ብለን ጠይቀነው ነበር፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ፣ ፊት ለፊት። «በቀጥታ ከሰጠ ማን ያየዋል?» አለን። እኛም ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ አላገኘንም፤ አመሰገንነው።

ደግሞም ዕጣ ራሱን አንጠላም። ዕጣ የአባቶቻችን ነው። እቁብ ዕጣ አይደለም እንዴ? ግን የእቁብን ዕጣ እዩት። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ ይጠራል። ዕጣው የሚቆርጠው ማን ቀድሞ ይወስዳል የሚለውን እንጂ ማን ይወስዳል የሚለውን አይደለም፤ ተራው እስኪያልቅ ሁሉም የከፈለውን ያነሣል። የቸገረው ካለ ዕጣ የደረሰው ይለቅለታል። ዕጣው የሚወጣው በሚተዋወቁ ሰዎች ፊት፣ ከተጠቀለለች ወረቀት ነው። የኮምፒዩተሩን ዕጣማ አይተነዋል፤ በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ የ25,791 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጣ፣ ሕዝብ እልል አለ፣ በቀናት ውስጥ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሠረዘ። በዚያ ጨዋታ አቅራቢው እንኳ ከበሩ ኋላ ያለውን አላወቀም፤ ያወቀው ሌላ ነበር።

ድካማችንን አንሸሽግም። እቁብ ከፍሎ መግባት ለማይችል አይሆንም፤ እኛ ልንረዳው የፈለግነው ደግሞ እርሱን ነው። ስለዚህ እቁብ ብቻውን አይበቃም፤ ከጎኑ መዋጮ ያስፈልጋል። መዋጮ ደግሞ መድረክ የለውም፣ መኪና የለውም፣ አሰልቺ ነው። ወዳጃችን «ለቶምቦላ 20 ብር የሚሰጥ እጅ ለመዋጮ ሲጠየቅ ኪሱን ይይዛል» ያለው እውነት ነው፤ እኛም ባለፈው ዓመት ዶርም ለዶርም ስንዞር አይተነዋል። አንዱ ልጅ፣ ስሙን አንጠራም፣ አምስት ብር የለኝም ካለን በኋላ ማታ በስልኩ ሲወራረድ አገኘነው። ተናደድን፤ ግን ማባበያ ባንሰጠው ኖሮ ይሰጠን ነበር ማለት አይደለም፣ ብንሰጠውም የሚሰጠው ለእኛ አልነበረም። ለመኪናዋ ነው። ተማሪው ጓደኛውን የሚረዳው መኪና ሲያይ ብቻ ከሆነ፣ እንግዲያው ይህን ተናግረን በግልጽ እንከራከርበት እንጂ «መርጃ» የሚል ስም አንለጥፍበት።

ስቴንስሉ እያለቀብን ነው። ያሰብነው ይኸው፦ በየዶርሙ በሳምንት 50 ብር የሚጣልበት እቁብ ይቋቋም፤ እያንዳንዱ ዕጣ ያነሣ አባል ካነሣው ላይ መቶ ብር ለተቸገሩት ሣጥን ይተው። ሠላሳ አባል ያለው አንድ እቁብ አንድ ዙር ሲጨርስ ሦስት ሺህ ብር ነው፤ ደብተርና ፎቶኮፒ፣ ለክረምትም ወደ ጃናሞራ ለሚመለስ ልጅ መሳፈሪያ ይሆናል። ዳኛና ጸሐፊ የሚመረጠው ሐሙስ ከእራት በኋላ ነው። ደብተሩን ይዘን ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ እንጠብቃለን። ወዳጃችንም ይምጣ፤ ለጸሐፊነት የምናጨው እርሱን ነው፣ ጽሕፈቱ ከሁላችንም ያምራል።