አዲስ ሹም፣ የቆየ ዝምታ

አዲስ የተሾመ ኃላፊ «አስተያየታችሁን በግልጽ ስጡኝ» ሲል አዳራሹ ለምን ጸጥ ይላል? እዚህ ጎፋ የሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኛ ጎረቤቶቼ ምክንያቱን አሳምረው ያውቁታል። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ»፣ በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ «ግምገማ» በተባለው መድረክ ሠራተኛው የተናገረው ቃል ዞሮ በራሱ ላይ ማስረጃ ሊሆንበት ይችል ነበር። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲባረሩ እኔ ገና ልጅ ነበርሁ፤ በሙያው ያለን ግን ጥንቃቄውን ከታላላቆቻችን ወርሰናል። ኃላፊው በበኩሉ ዝምታውን እንደ ስምምነት ይቆጥረዋል (የሚመቸው ትርጉም ነውና!)። በእኔ እምነት አዲሱ ሹም የቀድሞው አለቃ ዕዳ ወራሽ ነው፤ ዕዳውንም በንግግር አይከፍለውም። ሠራተኛው የሚጠባበቀው፣ በስብሰባው የተቃወመው ባልደረባው ስም በቀጣዩ የደረጃ ዕድገት ዝርዝር ላይ መኖር አለመኖሩን ነው።