ከሩጫ በኋላም ቀን አለ!

“ጉልበቴን ታምሜ ሐኪም ኳስ ተው ብሎኛል። ፍጻሜው እሑድ ነው፤ አንዴ ብቻ ተጫውቼ ልተው?” ሲል አንድ ወጣት ጽፎልኛል።

ወንድሜ፣ የአንድ ፈረስ ታሪክ ላጫውትህ። ፈረስ አልኩ ብለህ እንዳትስቅ! ሬድ ረም ይባላል። እንግሊዝ አገር ሊቨርፑል በሚካሄደውና ፈረሶች 30 መሰናክል እየዘለሉ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚጋልቡበት ግራንድ ናሽናል፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ በ1974 እና በ1977 አሸነፈ። በመሀል ባሉት 2 ዓመታትም 2ኛ ወጣ። 3 ጊዜ ያሸነፈ ሌላ ፈረስ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በ1978 ለ6ኛ ጊዜ ሊወዳደር አንድ ቀን ሲቀረው እግሩ ላይ ስንጥቅ ተገኘ። ያ ሁሉ ሕዝብ እሱን ይጠብቃል! አሰልጣኙ ግን “አንዴ ብቻ” አላለም፤ ከሩጫ አሰናበተው።

ታዲያ ተረሳ? ኧረ የለም! ሱፐርማርኬት ሲመረቅ የክብር እንግዳው እሱ ነበር። ግራንድ ናሽናል ሲደርስም ለዓመታት ሰልፉን እየመራ ይወጣ ነበር። ከጡረታ በኋላ 17 ዓመት ኖሮ በ1995፣ በ30 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው ባሸነፈበት ሜዳ፣ ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ነው።

በእርግጥ ለፈረሱ የወሰነለት ሰው ነው። አንተ ግን ራስህ ነህ የምትወስነው፤ ለዚህም ነው የከበደህ። ያማል፣ አልዋሽህም። እኔን ከሰማኸኝ ለአሰልጣኝህ ዛሬውኑ ንገረው፤ ታዳጊዎቹን የሚያለማምድ ሰው ይፈልግ እንደሆነም ጠይቀው። እሑድ ሜዳ ሂድና ለጓደኞችህ ጩኽላቸው። ሰኞ በገዛ እግርህ እየሄድክ ጻፍልኝ።