ጆሮ ጠቢ ፍለጋ እርስ በርስ አንበላላ

ወገን! በውስጥ መስመር የሚደርሱን መልእክቶች አንድ መልክ እየያዙ መጥተዋል። «እየተከተሉኝ ነው።» «ሰፈሩ በሙሉ ተነጋግሮብኛል።» «ስደውል ድምፄ ያስተጋባል፣ ስልኬ ተጠልፏል።» «እገሌ የኛ መስሎ የገባ ሰላይ ነው፣ ፎቶውን ልቀቁልን።» አንዳንዱ የተጻፈው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ጸሐፊው እንቅልፍ አጥቶ።

ይሄን ዝም ብሎ ማለፍም፣ ዝም ብሎ ማራገብም ነውር ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንነጋገር።

አንደኛ፣ ክትትል ተረት አይደለም። አባቶቻችን «ግድግዳም ጆሮ አለው» ሲሉ ለቀልድ አልነበረም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ያቋቋማቸው ቀበሌዎች ብዙም ሳይቆዩ የሰፈር ዓይንና ጆሮ ሆኑ። በቀይ ሽብር ጊዜ ማን ከማን ጋር እንደዋለ፣ የማን ልጅ ማታ እንዳልገባ ቀበሌው ያውቅ ነበር። በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ አንድ ለአምስት መጣ። ለልማት ነው ተባለ፤ ግን ጎረቤት ጎረቤቱን የሚከታተልበት መረብም ሆነ።

ቀጥሎ ስለላው ወደ ስልክና ኮምፒውተር ገባ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013 ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የተቃዋሚ አመራሮችን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ ኢትዮጵያውያን ላይ መሰማራቱን አጋለጠ። በ2014 የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ሶፍትዌር በኢሳት ጋዜጠኞች ላይ፣ በ2017 ደግሞ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ሶፍትዌር በውጭ ባሉ የኦሮሞ አክቲቪስቶችና ሌሎች ላይ መዋሉን አሳየ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ባወጣው ሪፖርት የታሰሩ ሰዎች በምርመራ ላይ የራሳቸው የስልክ ንግግር ይቀርብባቸው እንደነበር ዘገበ። ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሬ ተሰለለ ብሎ አሜሪካ ውስጥ ክስ ቢመሠርትም፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2017 የውጭ መንግሥትን ለመክሰስ ሕጉ አይፈቅድም ብሎ ዘጋበት።

ስለዚህ «ማን አንተን ይከታተላል ባክህ» ብሎ በሰው ላይ መሳቅ ታሪክን አለማወቅ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ልብ ብላችሁ አንብቡት። የምሥራቅ ጀርመኑ ስታዚ በ1989 ወደ 91 ሺህ ቋሚ ሠራተኛና ከ170 ሺህ በላይ ጆሮ ጠቢ ነበረው። በ1976 ባወጣው ቁጥር 1/76 መመሪያ ተቃዋሚን ሳያስሩ ማፍረስን ሥራዬ ብሎ ያዘው። ሰው በሌለበት ቤት ገብተው ዕቃ ቦታ ይቀይራሉ፣ ሥራው ላይ እንቅፋት ይጥላሉ፣ ስሙን ያጠፋሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ማኅበር ውስጥ ሰዎች እርስ በርስ እንዲጠራጠሩ ያደርጋሉ። ይሄ በመመሪያው በጽሑፍ የሰፈረ ዘዴ ነው።

አሜሪካም ከዚህ የጸዳች አልነበረችም። ኤፍ ቢ አይ ከ1956 እስከ 1971 ኮኢንቴልፕሮ በሚባለው ፕሮግራሙ የጥቁሮችን ንቅናቄ ሲበትን አንዱ መሣሪያው ንጹሕ ታጋይን ሰላይ ማስመሰል ነበር። ስቶክሊ ካርማይክል የሲ አይ ኤ ሰው ነው የሚል ወሬ አሰራጨበት። ወሬውን የተቀበሉት ደግሞ የገዛ ጓዶቹ ነበሩ።

ገባችሁ? ሰላዩ የትም መገኘት አያስፈልገውም። ሁሉም ቦታ እንዳለ ካመንክለት ሥራውን አንተው ትጨርስለታለህ። ያለ ማስረጃ «እገሌ ሰላይ ነው» ብሎ ፎቶ የሚለጥፍ ልጅ ሳያውቀው የስታዚን መመሪያ እየፈጸመ ነው፤ ያውም ያለ ደሞዝ።

ውጤቱም በወሬ ብቻ አያበቃም። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አማራ ክልል ውስጥ ለጤና ምርምር ወደ ትምህርት ቤት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን ሊመርዙ መጡ» በሚል ወሬ በተቆጣ ሕዝብ ተገደሉ። ያን ቀን አንድ ሰው ቆም ብሎ «ማን አለ? ማስረጃው የታለ?» ቢል ኖሮ! የሰው ፎቶ ከነሰፈሩ ለጥፎ «ሰላይ» ማለት በዚህች አገር የሞት ወረቀት መጻፍ ሊሆን ይችላል። ይሄ ገጽ አያደርገውም። ስንት ሰው ቢሰድበንም አያደርገውም።

ሦስተኛ፣ እንዴት እንለይ? ከላይ የጠቀስናቸው ጉዳዮች ሁሉ የተረጋገጡት በማስረጃ ነው፤ በስሜት አይደለም። ኮኢንቴልፕሮ የተጋለጠው እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 1971 ዜጎች ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከአንድ የኤፍ ቢ አይ ቢሮ ሰነድ አውጥተው ለጋዜጦች ስለላኩ ነው። የስታዚ ጉድ የወጣው ሕዝቡ በጥር 1990 ዋና መሥሪያ ቤቱን ገብቶ መዝገቡን ከመጥፋት ስላዳነው ነው። የኢትዮጵያውያኑ ጉዳይ የታወቀው ሶፍትዌሩ ኮምፒውተር ውስጥ አሻራ ስለተወ ነው።

እናም፦

ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ያየኸውን ብቻ ጻፍ። የመሰለህን ለብቻው አስቀምጥ።

የማታውቀው ሊንክና ፋይል ሲመጣልህ አትክፈት፤ ግን አታጥፋው፤ ስክሪንሾት ያዝ፣ ለሚያውቅ ሰው አሳይ። ቴሌግራምና ዋትሳፕህ ላይ በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የተከፈተ ካለ ፈትሽና ዝጋ። ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል አብራ። ድምፅ ስላስተጋባ ብቻ ስልክ ተጠለፈ አይባልም፤ የኔትወርክ ችግርም ያስተጋባል፣ የሚጠልፍ ደግሞ ድምፅ አያሰማም።

በተጨባጭ የሚያስፈራራህ ሰው ካለ ለብቻህ አትያዘው። ለቤተሰብ ንገር፣ ጠበቃ አማክር፣ ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አመልክት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትህንና የመልእክትህን ምስጢር ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። ወረቀት ላይ ብቻ ነው ትለኝ ይሆናል። እሺ፤ ሳንጠይቅበት ግን ከወረቀት አይወርድም።

መጨረሻ ላይ ለዚያ በሌሊት ለሚጽፍልን ወንድምና እህት አንድ ቃል አለን። መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው ሁሉ፣ የሚያስለው፣ የመኪና መብራት የሚያበራው ሁሉ ስላንተ የተነጋገረ መስሎ ከታየህ፣ እንቅልፍ ከራቀህ፣ ምግብ ካስጠላህ፣ ስቃይህ እውነት ነው። አንሳቅብህም። ግን ብቻህን አትቆልፍበት። የምታምነውን አንድ ሰው ይዘህ ሐኪም እይ። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ ጠበልና ሐኪም አይጣሉም። ጭንቀት ሲጸና አእምሮም እንደማንኛውም አካል ይታመማል፣ ይታከማልም። «አብዷል» ብላችሁ የምትሸሹት ጓደኞቹም እወቁ፦ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ክርክር ሳይሆን አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው።

መንግሥትን ስለ ስለላ እንጠይቃለን። ማን በማን ትእዛዝ፣ በየትኛው ፍርድ ቤት ፈቃድ ስልክ ይሰማል? ይሄን ጥያቄ አንተውም። ግን የምንጠይቀው ተማምነን፣ ማስረጃ ይዘን፣ በአንድ ድምፅ ነው። እርስ በርሱ የሚፈራራ ወጣት ምንም አይጠይቅም፤ በየቤቱ መጋረጃ ዘግቶ ይቀመጣል። እነሱም የሚፈልጉት ይሄንኑ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እስኪጠራ ድረስ የወንድማችሁን ስም ጠብቁ።

ሼር አድርጉት፤ በተለይ ትናንት «እገሌ ሰላይ ነው» ብሎ ለላከላችሁ ሰው።