ያልቀረበውን ክትባት ማን እምቢ አለ?

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የአዲስ አበባው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ሰማይ በጭስ ይሸፈናል። ከየግቢው፣ ከፋብሪካዎቹ አጥር ሥርና ከየመንደሩ ጥጋጥግ የተጠራቀመው ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ኅዳር ይታጠናል። ልማዱን ትቶልን የሄደው በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ነው። ባቡር በአቃቂ አልፎ አዲስ አበባ ከደረሰ ያኔ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በሽታው በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በጠና ታመው ተርፈዋል። ቀባሪ የታጣበት፣ ሐኪሞቹም ራሳቸው የወደቁበት ጊዜ ነበር።

ያ በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነው።

ኢንፍሉዌንዛ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በትንፋሽ፣ በሳል፣ በማስነጠስና በእጅ ንክኪ እንጂ ከቆሻሻ ክምር ተነሥቶ አይደለም። ሠፈርን ማጽዳት የሚያስመሰግን ተግባር ነው፤ ጭሱ ግን ቫይረሱን አይነካውም፤ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል እንጂ። ከኅዳር 12 ወዲያ ዓመቱን ሙሉ በሽታው «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ይታለፋል። ለብዙ ጤነኛ ሰው በእርግጥ ያልፋል። ለነፍሰ ጡር፣ ለጨቅላ ሕፃን፣ ለአረጋዊ፣ ለልብና ለስኳር ሕመምተኛ ግን ሁልጊዜ አያልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ወቅታዊው ኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ ሰው በመተንፈሻ አካል ሕመም እንደሚገድል ይገምታል። ኢትዮጵያም ቫይረሱን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተመረጡ ጤና ተቋማት ናሙና እየወሰደች ትከታተለዋለች። በአገሩ መኖሩ አልተሰወረም ማለት ነው።

ታዲያ ክትባቱስ? እዚህ ላይ ነው ከየአውደ ጥናቱና ከየስብሰባው አንድ የተለመደ መልስ የሚመጣው፦ «ሕዝባችን ክትባት ይፈራል፤ የግንዛቤ እጥረት አለ።» ይህ መልስ ትክክል አይደለም፤ ፍትሐዊም አይደለም። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በ1972 ዓ.ም. በተጀመረው የአገሪቱ መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ እስከ ዛሬ አልገባም። ቃሊቲ ጤና ጣቢያ ለእርግዝና ክትትል የምትመላለሰውን እናት «የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ትወስጃለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት የለም። ያልተጠየቀችውን ነገር እምቢ አለች ተብላ ልትወቀስ አይገባም።

የተጠየቀ ጊዜ ሕዝቡ ምን እንዳደረገ መዝገቡ ይናገራል። ፈንጣጣን ለማጥፋት የተሰማሩት ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ ገደል ወጥተው ወርደው አገሩን አዳርሰዋል፤ የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛም በ1968 ዓ.ም. ታይቷል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ከፈንጣጣ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ ጤነኛውን መክተብ በአገራችን የታወቀ ጥበብ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ሁሉንም መሠረታዊ ክትባቶች የወሰዱ ሕፃናት በአገር ደረጃ 39 በመቶ፣ በአፋር 15 በመቶ፣ በአዲስ አበባ ግን 89 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህን ልዩነት ፍርሃት ብቻውን አይፈጥረውም። ጤና ጣቢያው ቅርብ በሆነበት፣ ክትባቱም በማይጠፋበት ቦታ እናቶች ልጆቻቸውን ያስከትባሉ።

ጥርጣሬ የለም ማለት ደግሞ ሐሰት ይሆናል። ከኮቪድ ወዲህ በርትቷል። የኮቪድ ክትባት በኢትዮጵያ መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የመጣውም አስትራዜኔካ ነበር። ዴንማርክ ያንኑ ክትባት በደም መርጋት ሥጋት ያቆመችው ከሁለት ቀን በፊት፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የአቃቂው ሰው ዜናውን በስልኩ አየ። በሠፈሩ ማብራሪያ የሚሰጠው ሰው ሳይመጣ «666 ነው»፣ «መኻን ያደርጋል»፣ «የተከተበ በሁለት ዓመት ይሞታል» የሚለው ወሬ ቀድሞ ደረሰ። ስለ ደም መርጋቱ እውነቱ ችግሩ እንዳለ፣ እጅግ ጥቂት ሰዎችን እንደሚያገኝና ምልክቱ ምን እንደሆነ መንገር ነበር። ሰው በመፈክር አይረጋጋም። የጎንዮሽ ጉዳትን መሸሸግ ወሬኛውን እውነት ተናጋሪ ያስመስለዋል።

ስለ ኢንፍሉዌንዛ ክትባትም ያው ግልጽነት ያስፈልጋል። በብዛት የሚሰጠው ክትባት የሞተ ቫይረስ ወይም የቫይረስ ቁራጭ ነው፤ ስለዚህ ኢንፍሉዌንዛ ሊያሲዝ አይችልም። ክንድ ያሳምማል፤ አንዳንዱን ሰው ለአንድ ሁለት ቀን ያተኩሰዋል፣ ይቆረጥመዋል። «ተከትቤ ጉንፋን ያዘኝ» የሚለው ሰው አይዋሽም። ሰውነት መከላከያውን ለማዘጋጀት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ በዚያ መሐል ሊታመም ይችላል። ጉንፋን የሚያመጡ ሌሎች ቫይረሶችም ብዙ ናቸው፤ ክትባቱ እነሱን አይመለከትም። ብርቱ የአለርጂ ድንጋጤ ከአንድ ሚሊዮን ተከታቢ አንድ ሰው ገደማ ያገኛል፤ ለዚህ ነው ከተወጉ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ እዚያው መቆየት የሚመከረው።

ከበድ ያሉት ታሪኮችም ይነገሩ። በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ወደ 45 ሚሊዮን ሰው በችኮላ ተከተበ፤ ከ100 ሺህ ተከታቢ በአንድ ሰው ላይ ያህል ጊላን ባሬ የተባለ፣ ሰውነትን የሚያሽመደምድ የነርቭ ሕመም ተጨማሪ ሆኖ ታየና ዘመቻው ቆመ። በዛሬዎቹ ወቅታዊ ክትባቶች ይህ ሥጋት ቢኖር እንኳ ከሚሊዮን አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፤ ኢንፍሉዌንዛው ራሱም ይህንኑ ሕመም ያስነሣል። በ2009 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ጊዜ አውሮፓ ውስጥ የተሰጠው ፓንደምሪክስ ደግሞ በፊንላንድና በስዊድን ልጆች ላይ ናርኮሌፕሲ ከሚባል የእንቅልፍ ሕመም ጋር ተያይዞ ተገኘ፤ አሁን በጥቅም ላይ የለም። እነዚህን ጉዳቶች ያገኟቸው የክትባት ጠላቶች አይደሉም፤ ክትባትን የሚቆጣጠሩ ተቋማትና ተመራማሪዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ክትትል መኖሩ ሊያስፈራ አይገባም፤ የሚያስፈራው ክትትል የሌለበት መድኃኒት ነው።

ቁጥጥር ወደሌለበት ለመሄድ ደግሞ ሩቅ መጓዝ አያሻም። ብዙ ሰው ሳል ሲይዘው መድኃኒት ቤት ገብቶ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ይገዛል። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም፤ ሲለመድ ግን ባክቴሪያውን ያደነድነዋል። መርፌ ካልወጉኝ አልድንም የሚለውም ታማሚ ብዙ ነው። ከታመመ በኋላ መርፌ የሚለምን ሰው ሳይታመም የሚወጋውን የሚሸሸው መርፌ ጠልቶ አይደለም፤ ለምን እንደሚወጋ የነገረው ስለሌለ ነው። ዳማ ከሴና ዝንጅብል ለራስ ምታትና ለጉሮሮ ማስታገሻ ቢሆኑ የሚከፋ የለም፤ የሳንባ ምች የያዘውን አረጋዊ ቤት አስተኝቶ በእነሱ ብቻ መጠበቅ ግን ሕይወት ያስከፍላል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሳልና በትኩሳት ስትታመስ ብዙው ሰው «ጉንፋን ነው» አለ፤ በዚያው ወር በላቦራቶሪ የተረጋገጠው የኮቪድ ዕለታዊ ቁጥር በአገሪቱ ከዚያ በፊት ታይቶ ወደማይታወቅ ደረጃ ወጣ።

ጉዳዩ አቃቂ ቃሊቲ ላይ የሚበረታበት ምክንያት አለ። ክፍለ ከተማው የፋብሪካ አገር ነው። በጥጥ ብናኝ የሚሠራ ሰው ሳንባ ቀድሞውንም የተጎዳ ሊሆን እንደሚችል በኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የተደረጉ ጥናቶች ካሳዩ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሠራተኛው በአንድ ክፍል ሦስትና አራት ሆኖ ይከራያል፤ ጠዋት በታጨቀ ሰርቪስ ይሄዳል፤ ቀን ከቀረ ደመወዙ ይቆረጣልና እያሳለ ይሠራል። መናኸሪያው ከደቡብና ከምሥራቅ የሚመጣውን መንገደኛ ይቀበላል። ማረሚያ ቤቱ አለ፤ እዚያ ያለ ሰው ከሚያስል ጎረቤቱ የሚርቅበት ቦታ የለውም።

«ገንዘቡስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ክትባቱ በየዓመቱ መወሰድ አለበት፤ ቫይረሱ እየተለዋወጠ የዓምናው ለዘንድሮ አይሆንም። ከቫይረሱ ጋር በሚገባ በገጠመበት ዓመት እንኳ ሐኪም ቤት የሚያደርሰውን ሕመም የሚቀንሰው ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። ኩፍኝና ኮሌራ በሚፈታተኑት አገር ሁሉም ሰው ይከተብ ማለት አይቻልም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ያነሣም የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ቅድሚያ ይሰጣቸው ያላቸው የታወቁ ናቸው፦ የጤና ባለሙያዎች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ክትባቱን መውሰድ አይችልም፤ መከላከያ የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ሶዌቶ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በነፍሰ ጡሮች ላይ ተደርጎ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ክትባቱ በእናቶቹም በሕፃናቱም ላይ የተረጋገጠ ኢንፍሉዌንዛን በግማሽ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። የኢትዮጵያ እናቶች በእርግዝና ክትትል ጊዜ የቴታነስ ክትባት ሲወስዱ ዓመታት ተቆጥረዋል። በሩ ክፍት ነው፤ ከታቢዋ ነርስም አለች፤ ማቀዝቀዣውም አለ።

ስለዚህ የሚጠየቀው ትንሽና የሚቻል ነገር ነው። የጤና ሚኒስቴርና የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልና በአቃቂ ቃሊቲ ጤና ጣቢያዎች ከሚሠሩት ባለሙያዎች ይጀምሩ፤ ሳይከተብ ሌላውን ተከተብ የሚል ሐኪም አይታመንምና። ቀጥሎ ነፍሰ ጡሮችን፣ ከዚያ የአስም፣ የልብና የስኳር ሕመምተኞችን ይጠይቁ። ክትባቱ የሚያደርገውንና የማያደርገውን፣ ጉዳቱንም ጭምር፣ በሚገባቸው አማርኛና አፋን ኦሮሞ ይንገሯቸው። ከዚያ በኋላ እምቢ የሚል ካለ ይቆጠር፤ እስከዚያው ግን «ሕዝቡ አይቀበልም» የሚለው ክስ ይቁም።