ምሰሶ ስንተክል አሞራውንም እናስብ

የግብፅ ጥንብ አንሳ ነጣ ያለ፣ ፊቱ ቢጫ፣ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ግድም የሆነ አሞራ ነው። ቡልጋሪያ ወይም ቱርክ ተፈልፍሎ፣ የዚያን አገር ብርድ ሽሽት አፋር ድረስ ይመጣል። ይህን ያረጋገጡልን ተመራማሪዎች ጀርባው ላይ የሚያስሩለት፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ትንንሽ መሣሪያዎች ናቸው። መሣሪያው አሞራው ያለበትን ቦታ በሳተላይት ይልካል። ምልክቱ ከአንድ ስፍራ አልንቀሳቀስ ሲል ባለሙያዎች ፈልገው ይሄዳሉ፤ አንዳንዴ የሚጠብቃቸው ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር የወደቀ፣ ላባው የተለበለበ በድን ነው።

በአፋር ሜዳ ረጅም ዛፍ እንደ ልብ አይገኝም። አሞራው የሚያርፈውም የሚያድረውም ምሰሶ ላይ ነው። ሽቦውን የሚይዘው ስኒ አግዳሚው ብረት ላይ ተተክሎ ሽቦው ለብረቱ ከቀረበ፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከአንድ ሜትር ተኩል የሚያልፈው ይህ ወፍ ብረቱን እንደረገጠ ሽቦውን ይነካል። በቃ፣ አለቀለት። ብዙውን ጊዜ ገዳዩ ተራራ ለተራራ የሚሻገረው ትልቁ መስመር ሳይሆን ወደየመንደሩ የሚገባው መካከለኛ ቮልቴጅ ነው።

ጎረቤታችን ሱዳን ይህን በከባድ ዋጋ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፖርት ሱዳን አጠገብ የተዘረጋ አንድ መስመር ለአሠርት ዓመታት እነዚህን አሞሮች ሲፈጅ ኖሯል። ኃይሉ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ቡልጋሪያን ጨምሮ በባልካን አገሮች ዛሬ የቀሩት ከ100 ጥንድ በታች ናቸው። መራባት የሚጀምሩትም አራት አምስት ዓመት ከኖሩ በኋላ ስለሆነ የሞተው ቶሎ አይተካም።

«ገና መብራት ያልደረሰው ሕዝብ እያለ ስለ አሞራ ይወራል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ሁለቱ አይጣሉም። አሞራ ሽቦ ላይ ሲቃጠል መብራቱም ሊጠፋ ይችላል። የከብት በድን ሳይበሰብስ የሚያነሳልንም እሱ ነው። ሕንድ ውስጥ ለከብት ይሰጥ በነበረ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት ጥንብ አንሳዎች ሲያልቁ፣ በድኑን የወረሱት ውሾች ተበራክተው የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ጨምሯል።

መፍትሔው ደግሞ ውድ አይደለም። ሽቦውን ከአግዳሚው ብረት በታች ማንጠልጠል ወይም ምሰሶው አጠገብ ያለውን ክፍል በፕላስቲክ መሸፈን ይበቃል። አሁን ወደ ገጠር አዲስ መስመር እየዘረጋን ነው፤ ከተተከለ በኋላ ከመጠገን ሲተከል ማስተካከል ይቀላል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በቆላማ አካባቢዎች በሚተክላቸው ምሰሶዎች ሁሉ ይህን የግዴታ መስፈርት ያድርገው፤ በአፋር ካሉት ነባር መስመሮችም ከቄራና ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ ባሉት ይጀምር።