ከነድምፃቸው፣ ከነመሬታቸው

ማክሰኞ ማክሰኞ በደቡብ ኦሞ ዞን አልዱባ ገበያ ላይ የበናና የጸማይ አርብቶ አደር ከአሪ ገበሬ ጋር ይገናኛል። ማሩ፣ ቅቤው፣ ፍየሉ ይሸጣል፤ በርኮታቸው ላይ ተቀምጠው ስለ ግጦሽና ስለ ውኃ የሚመክሩ ሽማግሌዎችም አይጠፉም። ለእነዚህ ሰዎች የመምረጥ መብት ከመሬታቸው ተለይቶ አይታይም።

አሜሪካ ግን ሁለቱን ለያይታ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ንብረት የሌለው ነጭ ወንድ ጭምር በአብዛኛው ግዛት መራጭ ሆነ። ራሱን የተራው ሕዝብ ጠበቃ ያደረገው አንድሩ ጃክሰንም እ.ኤ.አ. በ1829 ፕሬዚዳንት ሆነ። በዓመቱ ነባር ሕዝቦችን ከርስታቸው የሚያስነሣ ሕግ ፈረመ። በ1838 የቼሮኪ ሕዝብ በወታደር ተገዶ ወደ ምዕራብ ሲጋዝ ሺዎች በበሽታ፣ በብርድና በረኀብ አለቁ። ያ ሕግ በምክር ቤት በድምፅ ብልጫ የጸደቀ ነው!

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ሕዝቦች ከ20 ያላነሰ የምክር ቤት መቀመጫ ይጠብቃል። አንቀጽ 40 ደግሞ አርብቶ አደሩ ከመሬቱ እንዳይፈናቀል ይከላከልለታል። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በታችኛው ኦሞ የቦዲ ሕዝብ ግጦሽ ለስኳር ልማት ተመነጠረ። ስኳሩ ያስፈልገናል፤ አካሄዱ ግን ስሕተት ነበር።

የዞኑና የክልሉ ምክር ቤቶች ከእንግዲህ ሰፊ እርሻ ከመፍቀዳቸው በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ወጣቶች በየቋንቋቸው ይጠይቁ፤ እንቢ ካሉም እንቢታቸውን ያክብሩ።